ጢምና ቂም

ይህን ታሪክ የምጽፍበትን ሰው መንገድ ላይ ባገኘው «እርስዎ» ነው የምለው። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ አስተምሮኛልም። በራሴ ደብተር ላይ ግን አንቱታዬን ነፍጌዋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በአይጥ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ለጣና ቅርብ በሆነ ኮሌጅ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር የአይጥ አንጎል አጠና ነበር። «ምን ትማሪያለሽ?» ሲሉኝ «አናቶሚ» እላለሁ፤ «ምኑን?» ሲሉኝ «የአይጥ ጢም» ስል ሰው ሁሉ ይስቃል። ዱርቤቴ ያሉ ዘመዶቼማ «እኛ ለአይጥ መርዝ ስንገዛ አንቺ ቀለብ ትሰፍሪላት ጀመር?» ብለው ተሳልቀውብኛል። ይሳቁ። ከዚያ የበለጠ የሚያስደንቅ ነገር እስከ ዛሬ አላየሁም።

አይጥ ስትወለድ ዓይኗ አልተከፈተም፣ ጆሮዋ አይሰማም፣ ጸጉር የላትም፤ የጣት ጫፍ የምታህል ቀይ ሥጋ ናት። ዓለምን የምታውቀው በማሽተትና በመዳሰስ ነው፤ የምትዳስሰውም በጢሟ ነው። ጢሙ ዝም ብሎ የበቀለ አይደለም፤ በአፍንጫዋ ግራና ቀኝ በረድፍ በረድፍ ተሰልፎ የተተከለ ነው። ከእያንዳንዱ ጢም ሥር ነርቭ ይነሣና የአንጎሉ ግንድ ላይ ይደርሳል። ከዚያ የሚቀበለው ሌላ ነርቭ ወደ ማዶ ተሻግሮ አንጎሉ መሐል ካለ መቀባበያ ይገባል፤ ከመቀባበያው ደግሞ ወደ ላይኛው ንጣፍ ይወጣል። እዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ጢም አንዳንድ የሕዋስ መንደር አለ። ያን ንጣፍ ገፍፈን፣ በሁለት መስተዋት መሐል ጠፍጥፈን፣ በስሱ ቆርጠን ቀለም ስንነክረው መንደሮቹ ቡናማ ነጠብጣብ ሆነው ይወጣሉ፤ ልክ ፊቷ ላይ እንዳለው ጢም፣ በዚያው ረድፍ፣ በዚያው ተራ። ለመጀመሪያ ጊዜ በማይክሮስኮፕ ሳየው ድምፅ አውጥቼ ጮኽሁ።

መንደሮቹ የሚቆረቆሩት ከተወለደች በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። በተወለደች ማግስት የአንድ ረድፍ ጢም ከነሥሩ ቢቃጠል የዚያ ረድፍ መንደሮች እንደሚገባቸው አይቆረቆሩም፤ ጎረቤቶቻቸው ተስፋፍተው መሬቱን ይይዙታል። ቀኑ ካለፈ በኋላ ቢቃጠል ግን መንደሮቹ መልእክት ባይደርሳቸውም ቆመው ይቀራሉ። ይህን ዓለም ካወቀው ቆይቷል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነበር፤ እናቲቱ ግማሽ ቀለብ እየበላች ያጠባቻቸው ልጆች ያ ቀን ይዘገይባቸዋል ወይ? አስቤ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ያሰብሁትም ዱርቤቴ፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ፣ ከሲታ ሕፃናት ሲመዘኑ ቆሜ ሳይ ነው።

አማካሪዬ እሱ ነበር። ሐቁን ልናገር፤ ጥያቄዬን ስነግረው አልናቀውም፣ ከሕንፃው ጀርባ ያለችውንም ክፍል የሰጠኝ እሱ ነው። የቀረውን እኔ ሠራሁት። ከፕላስቲክ ገንዳና ከወንፊት ሽቦ የአይጥ ቤት አበጀሁ። ሰጋቱራውን ሰባታሚት ካለ አናጢ በጆንያ እየሞላሁ በባጃጅ አመጣለሁ። ቅዳሜ የለ፣ እሑድ የለ፣ ዓውደ ዓመት የለ፤ አይጥ በዓል አታውቅም።

አብራኝ የምትሠራ አንዲት ልጅ ነበረች፤ የወረታ ነጋዴዎች ልጅ፣ ከእኔ አንድ ዓመት ዘግይታ የገባች። እጇ ከእኔ እጅ ይሻል ነበር። እኔ ስቆርጥ የሚቀደደው ንጣፍ ለእሷ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ ይወጣላታል። በረመዳን እንኳ ውኃ ሳትቀምስ ከመቁረጫው ሥር አትነሣም። «እኅቴ» ነበር የምትለኝ።

የተቆረጠውን ንጣፍ በምንለጥፍባቸው የመስተዋት ስላይዶች ላይ ቁጥር ብቻ ነበር የምጽፈው። የትኛዋ የጠገበች እናት ልጅ፣ የትኛዋ የተራበች እናት ልጅ እንደሆነች ስላይዱ አይናገርም። ሆን ተብሎ ነው፤ የሚቆጥረው ሰው አስቀድሞ ካወቀ ዓይኑ ወደሚፈልገው ያደላል። ዝርዝሩ ያለው እኔ ደብተር ውስጥ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የጋለችውን መርፌ ይዤ ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። ታናሽ ወንድሜ ነው።

«እናታችን ወደቀች» አለኝ።

«ወደቀች ማለት?»

«ግራ ጎኗ አይታዘዝም። ቶሎ ነይ።»

ስልኩን ዘጋሁ። የጀመርሁትን ልጨርስ ብዬ እጄን ሰደድሁና ከተሳሳተ ገንዳ አንዲት ግልገል አነሣሁ። የሁሉንም ጢም የማቃጥለው በአምስተኛ ቀናቸው ነበር፤ ያነሣኋት ግን የሁለት ቀን ልጅ ናት። የአንድ ረድፍ ጢሟን ከነሥሩ ካቃጠልሁ በኋላ ነው ያወቅሁት። ስሕተቴን ደብተሬ ላይ ጻፍሁና መርፌውን አስቀምጬ ወጣሁ። ኋላ ተመልሼ ስላይድ ስሠራ ያችን ግልገልም ሠራኋት፤ ለማነጻጸሪያ ትሆነኛለች ብዬ። ሰባት ቁጥር ሰጠኋት።

እናቴ ከዚያ በኋላ የቆየችው አምስት ወር ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ ዱርቤቴ እወርድ ነበር። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እጇን ስይዝ «አሁን የያዝሽው የትኛውን ነው?» ትለኛለች። ግራዋን ከሆነ አይታወቃትም። የተጎዳው የአንጎሏ ቀኝ ወገን መሆኑን፣ መንገዱ ተሻጋሪ ስለሆነ የደነዘዘው ግራዋ እንደሆነ አስረዳኋት። «የተመታው ቀኙ ከሆነ ግራዬ ምን በደለ?» አለችኝ።

መጨረሻዋ ሲቃረብ ሥራዬን ትቼ ዱርቤቴ ገባሁ። ስላይዶቹ አልቀዋል፤ የቀረኝ መቁጠርና መጻፍ ብቻ ነበር። ቀበርናት። በሦስተኛው ቀን እሱ ከሁለት መምህራን ጋር ለቅሶ ደረሰ። ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠ፣ ንፍሮውን ቀመሰ፣ ሲነሣ ትከሻዬን ይዞ «ስለ ሥራው አታስቢ። እኔ አለሁ» አለኝ። እንባዬ መጣ። እጁን ልስም ጎንበስ አልሁ። ይህቺን ጎንበስ ማለቴን ባስታወስሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ጥርሴን እነክሳለሁ።

ከአርባዋ በኋላ ስመለስ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ከሌላ ከተማ የሚመጡ እንግዶች ባሉበት ጉባኤ እሱ ጥናት ያቀርባል ይላል። ርእሱ እኔ የጻፍሁት ርእስ ነው፣ ቃል አልተለወጠም። ከሥሩ ያለው ፎቶ የእኔ ስላይድ ነው፤ ጥጉ ላይ ያለውን ጭረት ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስሞቹ ሁለት ናቸው፤ የእሱና የወረታዋ ልጅ።

ቢሮው ገባሁ።

«ዶክተር፣ ሥራዬን ልቀጥል መጥቻለሁ።»

«ሐዘንሽን ጨርሺ እስቲ» አለ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። «ጉባኤው አይጠብቅም። ሥራው እጅ ቀይሯል።»

«ስሜስ?»

«ስም ምን ያደርግልሻል፣ ገና ወጣት ነሽ! ምስጋናው ላይ እናስገባሻለን።»

«ዝርዝሩ እኮ እኔ ጋ ነው። የትኛዋ የማን ልጅ እንደሆነች ስላይዱ አይናገርም።»

ያን ጊዜ ቀና አለ። ሣቅም አለ። «መንደሩ የጠፋባት የተራበችው ልጅ ናት፣ የቆመላት የጠገበችው ልጅ ናት። ዓይን ላለው ሰው ስላይዱ አፍ አለው።»

በዚያች ቅጽበት ሁለት ነገር ገባኝ። አንደኛው፣ መልሱን አስቀድሞ ወስኖ ዝርዝሩን ከመልሱ እንደሠራው ነው። ሁለተኛው፣ ሰባት ቁጥር በስላይዶቹ ሣጥን ውስጥ እንዳለች ነው። መንደሯ የጠፋ፣ እናቷ ግን የጠገበች፣ ከቆጠራው የወጣች አይጥ። «እሺ ዶክተር» ብዬ ወጣሁ። እሺታዬ ለስላሳ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ለስልሼ አላውቅም።

ጉባኤው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። በነዚያ ቀናት ከሐይቁ ዳር ከዘንባባዎቹ ሥር እየተመላለስሁ ጥያቄዬን ተለማመድሁ። ረጅም አድርጌ ሞከርሁት፣ አሳጠርሁት፤ ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ አሠለጠንሁት። ታንኳ የሚጠብቁ ሰዎች ለብቻዬ ሳወራ እያዩ ተጠቃቀሱብኝ። ግድ አልሰጠኝም። ለኃላፊዎች ከስሼ በጸጥታ ላስጨርሰው እችል ነበር፤ ደብተሬን ማሳየት ብቻ ይበቃል። አልፈለግሁም። የፈለግሁት ከረባት አስሮ፣ ሰው ሁሉ እያየው እንዲወድቅ ነው።

የንስሐ አባቴ ከዱርቤቴ ለጉዳይ መጥተው አገኘኋቸው። ነገሬን ሰምተው አንገታቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት...» ብለው ጀመሩ።

«ሳል ይዞ ስርቆት ነው አባ፣ አውቃለሁ። ስለዚህ ጸሎቱን ለጊዜው ትቸዋለሁ» አልኋቸው።

አዝነው ሄዱ።

ከጉባኤው ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ደግሞ የወረታዋ ልጅ ደወለች። «እኅቴ፣ እንደምን ከረምሽ? ዶክተር ሥራውን አንቺ ፈቅደሽ እንዳስተላለፍሽው ነገረኝ። አላህ ያክብርልኝ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም፤ ዝርዝሩን አላየሁትም። ልታሳይኝ ትችያለሽ?»

እንደዋሻት ገባኝ። ይህች ልጅ ምንም አልበደለችኝም። «እኔ አልፈቀድሁም፣ ስሜን ሰርቋል፣ ስምሽን አስወጪ» ብላት ያድናታል። ግን ብነግራት ለእሱ ትነግረዋለች፤ ሰባት ቁጥርም ከሣጥኑ ትወጣለች።

«ዶክተሩን ጠይቂ» አልኋት፣ ስልኩንም ዘጋሁ።

የጉባኤው ቀን ጠዋት ከኋላ ወንበር ተቀመጥሁ። አዳራሹ ሙሉ ነበር። እሱ አማረበት፤ እኔ ለዓመት የሠራሁትን በሃያ ደቂቃ ተረከው። ነጠብጣቦቹ ግድግዳው ላይ ጎልተው ሲወጡ እንግዶቹ «ዋው» አሉ። የተራቡ እናቶች ልጆች መንደር እንዳልተቆረቆረ፣ የጠገቡት እንደ ቆመ፣ አንዲትም ስላይድ ሳታፈነግጥ አሳየ። እንደዚያ ንጹሕ የሆነ ውጤት አይጥ ያረባ ሰው አያምነውም። የወረታዋ ልጅ ከጎኑ ቆማ ስላይዱን ትቀይርለታለች።

ጥያቄ ሲባል እጄን አነሣሁ። ሲያየኝ ፈገግ አለ። «የቀድሞ ተማሪዬ ናት» ብሎ ለእንግዶቹ አስተዋወቀኝ።

«ሰባት ቁጥርን መልሰው ቢያሳዩን» አልሁ።

ልጅቱ መለሰችው።

«የሰባት ቁጥር እናት ምን ያህል ትበላ ነበር?»

«ግማሽ ቀለብ። እዚህ ተጽፏል።»

«ጢሟስ የተቃጠለው በስንተኛ ቀኗ ነው?»

«እንደ ሁሉም። በአምስተኛው ቀን።»

«እርግጠኛ ነዎት ዶክተር?»

ትንሽ ተቆጣ። «በዚህ እጄ ያቃጠልኋትን እንዴት ትጠፋኛለች!»

ይህን አልጠበቅሁም ነበር። ከለመንሁት በላይ ሰጠኝ። ደብተሬን ከፈትሁና ሳልቸኩል አነበብሁ፤ «ሰባት ቁጥር። እናት ሙሉ ቀለብ። የተቃጠለችው በሁለተኛ ቀኗ፣ በስሕተት። ምክንያት፤ እናቴ መውደቋን በስልክ ሰምቼ ገንዳ ተሳሳትሁ። ከቆጠራው ትውጣ።»

አንዲት ጠና ያሉ እንግዳ ከፊት ወንበር ተነሥተው መጡና ደብተሩን ተቀበሉኝ። ቆመው ገጽ በገጽ አገላበጡት። ስድስት ቁጥርን ጠየቁት፣ አሥራ አንድን ጠየቁት፤ የተናገረውን ከደብተሩ ጋር እያስተያዩ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። አፉ ሲደርቅ አየሁ። ውኃ አነሣ፣ ሳይጠጣ መለሰው። ከረባቱን ነካ አደረገ። እያንዳንዷን ቆጠርሁለት።

«ዝርዝሩን ታዲያ ከየት አመጡት?» አሉት።

ዞሮ ልጅቱን አያት። «እሷ ናት የሰጠችኝ» አለ።

ልጅቱ ወደ እኔ ተመለከተች። ወደ እሱ አይደለም፣ ወደ እኔ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር፤ «ዝርዝሩን አይታው አታውቅም፣ ከሦስት ቀን በፊት እኔኑ ስትጠይቀኝ ነበር» ብል። አልተናገርሁም። ከተናገርሁ ነገሩ ወደ እሷ ዞሮ የእሱ ውርደት የሚቀዘቅዝ መሰለኝ። ተቀመጥሁ።

ያሰብሁት ሁሉ ሆነልኝ። ጥናቱ ተሻረ፣ ከኃላፊነቱ ተነሣ፣ ኮሪደር ላይ ተማሪ ሰላም ማለት ተወው። የክፍሏ ቁልፍም ተወሰደ፤ አይጦቹ ተወገዱ፣ ገንዳዎቹ ዝናብ ላይ ተጣሉ። ሥራውን ለመጨረስ ስጠይቅ ያንን ጉዳይ ማንም መንካት አልፈለገም። በሌላ ርእስ፣ ከመጻሕፍት ብቻ በተለቀመ ጥናት ተመረቅሁ። ይኸውና ዓባይ ማዶ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ።

የወረታዋን ልጅ መርማሪዎቹ አመኗት፤ ግን የአንድ ዓመት ሥራዋ ከእሱ ጋር አብሮ ተሻረ፣ እሷም እንደገና የመጀመር አቅም አልነበራትም። ዕቃዋን ልትወስድ የመጣች ቀን በር ላይ ተገናኘን።

«ደውየልሽ ነበር እኮ» አለችኝ። «አንድ ቃል ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ትነግሪዋለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«አዳራሹ ውስጥስ? እዚያ ማንን ፈራሽ?»

ከሁለት ዓመት በኋላ ወረታ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ ከእናቷ የጨርቅ ሱቅ ገባሁ። አውቄ ነው የገባሁት። ያ የአይጥ አንጎል እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሚያሳሳ እጅ ለአንዲት ሙሽራ ጨርቅ ይለካል። ተራዬ ሲደርስ ለነጠላ ጥለት የሚሆነውን ጠየቅሁ። አጣጥፋ ሰጠችኝ፣ ዓይኔን አላየችኝም። «ሌላ የሚፈልጉት አለ?» አለችኝ። የለም አልሁና ወጣሁ። በእሱ ላይ የሠራሁትን አልጸጸትበትም፤ በእሷ ላይ የሠራሁትን ግን ስም ልሰጠው አልቻልሁም።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ከሐይቁ ዳር እሱን አገኘሁት። ጡረታ ወጥቷል። ምርኩዝ ይዟል፣ ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል። ሸሽቶኝ ያልፋል ብዬ ነበር፤ ቆመ።

«ደኅና ነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ?»

«አለሁ።» ወደ ውኃው አየ፣ ወደ እኔ ተመለሰ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በእውነተኛው ዝርዝር ስትቆጥሪው ምን ወጣ? የተራቡት ልጆች ላይ ቀኑ ዘገየ ወይስ አልዘገየም?»

ቆጥሬዋለሁ። ለብቻዬ፣ ከጉባኤው በኋላ፣ ለእንግዶቹ በወረቀት ታትሞ በታደለው የስላይዶቹ ፎቶ። ለማንም አላሳየሁትም፤ የሚቀበለኝም የለም። ዓይኑን አየሁት። ሊጠቀምበት አልነበረም፤ ምን ያደርግለታል? ማወቅ ብቻ ነው የፈለገው፤ ያን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ጥያቄዬን ስነግረው ዓይኑ ላይ ያየሁት ያው ነገር።

«ለማወቅ ጓጉተዋል?» አልሁት።

«በጣም። እንቅልፍ ይነሣኛል።»

«እንግዲያው ይጓጉ» አልሁት።

አልተቆጣም። እንደ ምንም አንገቱን ነቅንቆ በምርኩዙ መሬቱን ነካ ነካ አደረገ። እኔ መንገዱን ተሻግሬ ወደ ዓባይ ማዶ የሚሄድ ባጃጅ ያዝሁ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ለብቻዬ ሣቅሁ፤ ከደስታ ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ፣ ከዚያም የከሰዓቱን ክፍለ ጊዜ አስተማርሁ።